ያለ ደላላ ቤቴን ስሸጥ፦ ከሥራ ደብተሬ

ቀን 1

ዛሬ ወሰንን። ቤቱን እንሸጣለን። ደላላ አናስገባም።

ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። ትናንት አንድ ደላላ መጥቶ ቤቱን አየ። ሳሎን ገባ፣ መኝታ ክፍሎቹን በር ላይ ቆሞ ቃኘ፣ ጓሮውን በመስኮት ተመለከተ። 12 ደቂቃ። ከዚያ ከሽያጩ 3 በመቶ እንደሚወስድ ነገረን። ገና ከግቢ ሳይወጣ ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ አባዛ። «ለ12 ደቂቃ?» አለ። እኔም «ምን ሠርቶ?» አልኩ።

እንግዲህ ምን እንደሚሠራ ራሴ ሠርቼ ልየው ብዬ ይህን ደብተር ጀመርኩ። የፈጀብኝን ሰዓትም እመዘግባለሁ።

ዋጋውን በገንዘብ አልጽፍም። እኔና ባለቤቴ ቤቱ ያወጣል ብለን በልባችን የያዝነውን 100 ልበለው። ሌላውን ሁሉ በዚያ ልክ አስቀምጣለሁ።

ቀን 2

ባለቤቴ ሲያነብ አመሸ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የስቲቨን ሌቪት እና የቻድ ሲቨርሰን ጥናት አገኘ። ሁለቱ ኢኮኖሚስቶች ቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቤቶችን መርምረዋል። ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኛ ቤት ይልቅ ወደ 9 ቀን ተኩል ያቆዩታል፣ 3.7 በመቶ ያህልም አስጨምረው ይሸጡታል። ሂሳቡ ግልጽ ነው። ዋጋው በ1 ቢጨምር ለሻጩ 1 ነው። ለደላላው የ1 ሦስት በመቶ ብቻ። ለዚያች ፍርፋሪ ሌላ ሳምንት አይሮጥም።

«አየሽ?» አለኝ።

እኔ ደግሞ የሚያበርድ ነገር አገኘሁለት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ማዲሰን በምትባል የአሜሪካ ከተማ የተደረገ። ራሳቸው የሸጡ ባለቤቶች ያገኙት ዋጋ በደላላ ከተሸጠው አላነሰም። ግን የፈጀባቸው ጊዜ ረዘም ይላል፤ አልሳካ ብሏቸው ወደ ደላላ የዞሩም ነበሩ።

ጊዜ አለን። የምንገባበት ቤት ተዘጋጅቷል፣ የሚያጣድፈን የለም። ጊዜ ባይኖረን ይህ ደብተር እዚሁ ላይ ይዘጋ ነበር።

ቀን 3

ሜትር ይዤ ቤቱን ለካሁ። ሰነዱ 142 ካሬ ሜትር ይላል። እኔ ክፍል በክፍል ስደምር 128 አገኘሁ። 14 ካሬ የት ገባ? አንድ መኝታ ክፍል እኮ ነው! ደግሜ ለካሁ። ያው 128።

ማታ ተኝቼ ገባኝ። ሰነዱ የያዘው ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ ነው። እኔ የለካሁት የሚረገጠውን ወለል ነው። የጠፋው 14 ካሬ ግድግዳ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ገዢ ሜትር ይዞ መጥቶ 128 ሲያገኝ «ዋሽተውኛል» ከሚል፣ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ለራሴም ትምህርት ሆነኝ፤ ሰው «በካሬ ይህን ያህል ተሸጠ» ሲለኝ የትኛው ካሬ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ቀን 5

የሰነድ ቀን። ሁለት ችግር አገኘሁ፣ አንድ ትንሽ አንድ ትልቅ።

ትንሹ፦ ስሜ ባለቤትነት ሰነዱ ላይ በ«ፀ» ተጽፏል፣ መታወቂያዬ ላይ በ«ጸ»። ሲነበብ ያው ነው። ለመዝገብ ግን ሁለት ሰው ልሆን እችላለሁ። ማስተካከያ ጠየቅሁ።

ትልቁ፦ ቤቱን የገዛንበትን ብድር ከፍለን ከጨረስን 4 ዓመት ሆነን። የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝ በፍሬም ልንሰቅለው ምንም አልቀረንም ነበር። መዝገቡ ላይ ግን ቤቱ ዛሬም በዋስትና እንደተያዘ ነው። አበዳሪው የስረዛ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት፣ አልጻፈም። እኛም መጠየቅ ነበረብን፣ አልጠየቅንም። ቤቱ በወረቀት ደረጃ ሊሸጥ አይችልም።

ዛሬውኑ ማመልከቻ አስገባሁ። «ይደወልልሻል» ተባልኩ። (በኋላ የጨመርኩት፦ አልተደወለልኝም። 6 ጊዜ ሄጄ በ23ኛው ቀን ደብዳቤውን ተቀበልኩ። ይህን ገዢ ከተገኘ በኋላ ብጀምረው ኖሮ ገዢው አይጠብቀኝም ነበር።)

ቀን 8

ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ። ለሁለት ዓመት በሶፋ ሸፍነነው ኖረናል። ዛሬ ሶፋውን ሳብነው። ቀለሙ አብጧል፣ ግርጌው ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ የሲሚንቶውንና የጡቡን ጨው አሟሙቶ ይዞት ይመጣል፤ ፊት ላይ ደርሶ ሲተን ጨው ይቀራል። ነጩን በመጥረጊያ ማራገፍ ይቻላል። ውሃው ግን እዚያው ነው።

የባለቤቴ ሐሳብ፦ ቀለም እንቀባው። የእኔም የመጀመሪያ ሐሳብ እሱ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም በሳምንታት ውስጥ መልሶ ያብጣል። ከዚያም አልፎ፣ ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት በብዙ አገር ሕግ ከሽያጭ በኋላም ያስጠይቃል። ቤቱን ሸጠን በየሌሊቱ ስልክ እስኪጮህ ልንሰጋ ነው?

የቧንቧ ሠራተኛው ቀላል ሙከራ አሳየን። የቤቱን ቧንቧ በሙሉ ዝጉ፣ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ማንም ውሃ ሳይነካ ሁለት ሰዓት ቆዩና ደግማችሁ አንብቡ። ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ የሚያፈሰው ውሃ የሚያስገባው መስመር ነው። ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ወደ ፍሳሽ መስመሩ ወይም ወደ ሴራሚኩ መገጣጠሚያ ይዞራል። የእኛ ተንቀሳቀሰ። ልስኑ ተሰብሮ ሲታይ የሻወሩ ሙቅ ውሃ መገጣጠሚያ ነው፤ በቀጭኑ ያለቅሳል።

ተቀየረ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ግድግዳው ግን ለመድረቅ በግምት በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ይፈልጋል አለን። ግድግዳችን 15 ሴንቲ ነው። ግማሽ ዓመት ልንጠብቅ ነው ማለት ነው።

አንጠብቅም። ልስኑን ሳናለብስ ክፍቱን ተውነው። የእርጥበቱን ጠርዝ በእርሳስ ከበብኩትና ጎኑ ላይ ቀኑን ጻፍኩ። በየሳምንቱ አዲስ መስመር አሰምራለሁ። እውነቱ ከነገርኳቸው ይልቅ ከግድግዳው ቢነበብ ይሻላል።

ሳምንት 2

ዋጋ። ከሁሉም ያቃተኝ ይሄ ነው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት፦ የሽያጭ ማስታወቂያዎችን ሰብስቤ አማካይ ወሰድኩ። 103 መጣ። ደስ አለን። ከዚያ ባለቤቴ «እነዚህ እኮ ያልተሸጡ ቤቶች ናቸው» አለ። ልክ ነው። የተጠየቀ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው። የሚጠቅመኝ የተሸጠበት ዋጋ ነው።

ባለፈው አንድ ዓመት አካባቢያችን የተሸጡ ሦስት ቤቶች አገኘን። አንዱን ከጎረቤት፣ ሁለቱን ከራሳቸው ከሻጮቹ ሰማን። ሄጄ በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ሰው ቤቱን ሸጦ ሲጨርስ ስለ ዋጋው ማውራት ይወዳል፣ ይሄን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ማስተካከል። እዚህ ላይ አቅጣጫው ያምታታል። የሚስተካከለው የእኔ ቤት አይደለም፣ የተሸጠው ቤት ዋጋ ነው። እሱ ከእኔ ከበለጠ ይቀነሳል፣ ካነሰ ይጨመርበታል። የመጀመሪያው በ92 ተሸጧል፤ ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት አለው፤ ለዚያ 5 ቀነስኩ፣ 87። ሁለተኛው በ84 ሄዷል፤ ጣሪያው መቀየር ነበረበት፤ 4 ጨመርኩ፣ 88። ሦስተኛው 90 አውጥቷል፤ ጓሮው ከእኛ ትንሽ ይሰፋል፤ 89።

88 እንግዲህ። እኛ 100 ብለን ነበር።

ለአንድ ሙሉ ቀን አኮረፍኩ። ማንን እንዳኮረፍኩ አላውቅም። ወረቀቱን መሰለኝ። የ100 ውስጥ ምን እንዳለ ስመረምረው፣ እኛ የዘራነው የጓሮ ዛፍ አለ፣ ልጆቹ ያደጉበት ኮሪደር አለ፣ እኔ የነደፍኩት ኩሽና አለ። ገዢ ለነዚህ አይከፍልም።

የምንጠይቀው ስንት ይሁን? ባለቤቴ 105 ብሎ መጀመር ፈለገ። ወደ ላይ የተጠራ ቁጥር እንደሚጎትት ያወቀ ነው። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የኖርዝክራፍት እና የኒል ጥናት ላይ አንድን ቤት ለተማሪዎችና ለእውነተኛ የቤት ሽያጭ ባለሙያዎች አስጎብኝተው የተለያየ የመጠየቂያ ዋጋ አሳዩአቸው። ግምታቸው የታያቸውን ቁጥር ተከትሎ ወጣና ወረደ። ባለሙያዎቹም ጭምር። እነሱ ግን ቁጥሩን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም ነው ያሉት።

ችግሩ፣ ቁጥሩ የሚጎትተው የመጣን ሰው ነው። ያልመጣን ሰው አይጎትትም። ገዢ ዛሬ ስልኩ ላይ የዋጋ ጣሪያ አስቀምጦ ነው የሚፈልገው። አቅሙ 90 የሆነ ሰው ጣሪያውን 95 ቢያደርግ 105 የተባለ ቤት ጨርሶ አይታየውም። 92 አልን። ለድርድር 4 ተውን።

ሳምንት 4

ታናሽ እህቴ መጣች። ከቤታችን ከጠፋች ቆይታለች። በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን አንዴ ነፋ አድርጋ «እትዬ፣ ውሻው ይሸታል» አለችኝ።

ውሻችን ከሞተ 7 ወር ሆኖታል።

አፍንጫ የለመደውን ሽታ መናገር ያቆማል። እኔ ምንም አይሸተኝም፣ አሁንም አይሸተኝም። ምንጣፉን አውጥተን ጣልን፣ መጋረጃ አጠብን፣ ሶፋውን ለሰው ሰጠን። ሁለት ክፍል ነጭ ቀባን። ሽቶ እንዳልረጭ እህቴ ከለከለችኝ፤ «ሰው ሽቶ ሲሸተው የተደበቀውን ነው የሚፈልገው» ትላለች። መስኮት ከፍተን አደርን።

ሳምንት 5፣ ሰኞ

ፎቶ። 64 አንስቼ 14 አስቀረሁ። ስልኩን በደረት ከፍታ ይዞ፣ ከክፍሉ ጥግ ቆሞ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ እስኪታይ ማስተካከል። ሰፊውን ሌንስ ሞከርኩት፤ ሳሎኑ አዳራሽ ሆኖ ወጣ። ሰረዝኩት። አዳራሽ ጠብቆ መጥቶ ሳሎን የሚያገኝ ሰው በሩ ላይ ፊቱ ይጨልማል።

እያንዳንዱን ክፍል ፀሐይ በምትገባበት ሰዓት ነው ያነሳሁት። አምፖል አጥፍቼ፣ ምክንያቱም የአምፖል ቢጫና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀል ነጩ ግድግዳ የታመመ ይመስላል። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ውስጥ በፒጃማ ቆሜ ስልክ የያዝኩበት ፎቶ ለ20 ደቂቃ ያህል ኢንተርኔት ላይ ዋለ። ያየው ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው «ውብና ማራኪ መኖሪያ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አፈረ። ሦስተኛው ቁጥር ነው፦ ስንት ክፍል፣ ስንት ካሬ ከውጭ፣ ስንት ካሬ ከውስጥ፣ ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ፣ የቱ ክፍል ጠዋት ፀሐይ እንደሚያገኝ። መጨረሻው ላይ «የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የውሃ ፍሳሽ ነበር፤ መስመሩ ተቀይሯል፤ ግድግዳው እየደረቀ ነው» አልኩ። ከሥሩ «ያለ ደላላ»።

አዲስ ሲም አወጣሁ። ይህን ያላደረገ ሰው በኋላ ስልኩን ይጥላል።

ሳምንት 5፣ ዓርብ

በ4 ቀን 31 ጥሪ። 19ኙ ደላሎች።

«ያለ ደላላ» የሚለውን እንደ ጥሪ ነው የሚያነቡት። ከፊሎቹ በግልጽ «ገዢ በእጄ አለ» ይላሉ። ከፊሎቹ ገዢ መስለው ይመጣሉ። መለየት ተማርኩ። ገዢ መጀመሪያ ስለ ውሃ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ትምህርት ቤት ርቀት ይጠይቃል። ደላላ ቤቱን ሳያይ «የመጨረሻ ስንት?» ይላል።

ለቀሪዎቹ ሦስት ጥያቄ አዘጋጀሁ። መቼ ሊገቡ ያስባሉ? በእጅ ባለ ገንዘብ ነው ወይስ በባንክ ብድር? መጀመሪያ የሚሸጡት ቤት አለ? ሦስቱንም ሳያቅማማ የመለሰ ሰው ለጉብኝት ይጠራል።

ሁለት አጭበርባሪም ደርሶናል። አንዱ ውጭ አገር ነኝ፣ ቤቱን ማየት አልፈልግም፣ ከዋጋው በላይ ልላክና ትርፉን መልሱልኝ አለ። የሚላከው ክፍያ በኋላ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ «ትርፍ» ተብሎ የተመለሰው ግን የእኛ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ሌላው በትህትና የባለቤትነት ሰነዱን ፎቶ ጠየቀ፣ «ለባንክ ላሳይ»። ሰነድ የሚታየው እዚህ፣ በዓይን፣ ጠበቃ ባለበት ነው አልኩት። ጠፋ።

ሳምንት 6

ስድስት ሰው ቤቱን አየ። ዋና ዋና ዕቃና መድኃኒት ቆልፈን፣ ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነው የምናስገባው።

አራተኛውን በዝርዝር ልጻፈው።

ሰውዬው ከሚስቱ ጋር መጣ። ግድግዳው ላይ ያሉትን የእርሳስ መስመሮች አይቶ ሳቀ፣ ወደደው። ጓሮውን አየ። ከዚያ ኩሽና ገባና ለሚስቱ «ይሄ እንዳለ ይፈርሳል» አላት።

ያንን ኩሽና እኔ ነኝ የነደፍኩት። መሳቢያዎቹን በሴንቲ ሜትር አስለክቼ። «ለምን ይፈርሳል?» አልኩት። ከዚያ አላቆምኩም። ስለ እንጨቱ፣ ስለ ማጠፊያዎቹ፣ ምድጃው ለምን እዚያ ጋ እንደሆነ። አሥር ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም። ሰውዬው በጨዋነት ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ሰዓቷን አየች። «እናስብበታለን» ብለው ሄዱ። ማግስቱን ስደውል አላነሳም።

ባለቤቴ ማታ ላይ ነገረኝ፤ «ሰውዬው እኮ ገዝቶታል። የሚያፈርሰውን የሚያቅድ ሰው በሐሳቡ ገብቶ እየኖረ ነው። አንቺ ነሽ ያስወጣሽው።»

መልስ አጣሁ። ያ 12 ደቂቃ የቆመ ደላላ ኩሽናዬ ይፈርሳል ቢባል «አዎ፣ ይቻላል፣ ግድግዳው ቀላል ነው» ይል ነበር። ምንም አይሰማውም። 3 በመቶው ለምን እንደሆነ ገባኝ መሰለኝ። ገዢ ማምጣቱንማ ስልኩም አመጣው።

ሳምንት 7

እህቴን ቀጠርኳት። ደመወዟ አንድ ጫማ ነው፣ መርጣለች። «እትዬ፣ ሰው ሲመጣ አንቺ ውጪ። ጓሮም እንዳትቆሚ» አለችኝ። ወጣሁ። ሁለት መንገድ ርቄ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

እሷ ቤቱን አትወደውም። ምድር ቤት መሆኑንም ትጠላለች። ስለዚህ ሰው ሲያማው ትስማማለች፣ ሲያወድሰው ዝም ትላለች። ፊት ፊት አትሄድም፤ ክፍሉን ከፍታ ኮሪደር ላይ ትጠብቃለች፣ ሰዎቹ ለብቻቸው እንዲያወሩ። ዋጋ ሲነሳ አንድ ዓረፍተ ነገር አላት፦ «እኔ የቤቱ ባለቤት አይደለሁም፣ ልጠይቅ።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ተአምር ሠራች። እኔ ፊት ለፊት ስሆን ሰው «80» ሲለኝ ፊቴ ይናገራል፣ ወዲያው መልስ መስጠትም ግድ ይሆንብኛል። እሷ ግን 80ን እንደ አየር ሁኔታ ትቀበለዋለች። «እሺ፣ እነግራታለሁ።» ሰውዬው መልስ ሲጠብቅ ያድራል። ባለ 80ው በሦስተኛው ቀን 84 አለ። አልተስማማንም፣ ግን ምንም ሳንናገር ነው 4 የጨመረው።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ። አንደኛው ገንዘቡ በእጁ ያለ፣ 86 ብሎ ጀምሮ 89 የደረሰ ሰው። ሁለተኛዎቹ በባንክ ብድር የሚገዙ ወጣት ባልና ሚስት፣ 91።

ሳምንት 8

91ን ወሰድን። ባለ 89ኙን አላባረርነውም፤ እህቴ «ሌላ ሰው ቀድሞዎታል፣ ከቀረ እደውላለሁ» አለችው። እውነቱን።

ጠበቃ የገባችው እዚህ ላይ ነው። ራሴ ልሠራው ያልሞከርኩት ነገር ውሉን ነው። የስምምነቱን ወረቀት እሷ ጻፈች። ቀብዱ 2 ነው፣ እሷ በአደራ ትይዘዋለች። ባንኩ በ3 ሳምንት ውስጥ ካልፈቀደ ይመለሳል። ሐሳባቸውን ከቀየሩ ለእኛ ይቀራል። ከቤቱ ጋር የሚቀረው ዕቃ በዝርዝር ተጻፈ፦ የውሃ ማሞቂያው፣ የመጋረጃ ዘንጎቹ፣ የውጭ መብራቶቹ። የመጋረጃ ዘንግ አስቂኝ ይመስላል፤ ጠበቃዋ ግን በዘንግ የተጣላ ሰው አይታለች።

ዓርብ ዕለት የእነሱ መሐንዲስ መጣ። የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ የእርሳስ መስመሮቼን ከነቀናቸው ፎቶ አነሳ። «ሻጭ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም» አለ። ደስ አለኝ፣ ግን አግዳሚዬ ላይ ነበርኩ፤ የነገረችኝ እህቴ ናት።

አንድ ጉድለት አገኘ። ኤሌክትሪክ በሰው ላይ ሲያልፍ የሚቆርጠው ብሬከር፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚለው፣ የሙከራ ቁልፉ ሲጫን አልዘለለም። ማለትም ዓመታት ሙሉ ጥበቃ ያለን መስሎን ኖረናል። በማግስቱ አስቀየርን። ይህንን ለገዢ ብዬ ሳይሆን ለራሴም ደንግጬ ነው ያደረግሁት። ብሬከር ያለው ሰው ዛሬውኑ ቁልፉን ይጫነው፤ በየጥቂት ወሩ መሞከር ያለበት ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ኮሪደሩ ላይ ሦስት ማብሪያ አለ። መሐንዲሱ ሦስተኛውን ተጫነው፣ ምንም አልበራም። «ምን ያበራል?» ሲላት እህቴ ደወለችልኝ። 11 ዓመት ኖሬበት አላውቅም።

ሳምንት 10

መጥፎ ዜና። የባንኩ ገማች ቤቱን 87 አለው።

ባንኩ የሚያበድረው የግምቱን 70 በመቶ ነው፣ የውሉን ዋጋ አይደለም። ልጆቹ፣ ወጣቶቹ ባልና ሚስት ማለቴ ነው፣ ያሰቡት የ91ን 70 በመቶ፣ 63.7 ነበር። አሁን የሚያገኙት የ87ን 70 በመቶ፣ 60.9 ነው። የራሳቸው 27.3 ነው፣ ሌላ የላቸውም። ሲደመር 88.2። ከስምምነታችን 2.8 ይጎድላል።

ወጣቷ ስትደውል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ «እነግራታለሁ» አለቻት።

ሳምንት 11

ባለ 89ኙን ደወልንለት። በመጀመሪያው «ሄሎ» ገባው። «ቀድሞኝ የነበረው ቀረ እንዴ?» አለ። አሁን 85 ነኝ አለ። እህቴ እንደ ልማዷ «ልጠይቅ» አለችው፣ ግን በዚህ ጊዜ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ባለቤቴ ተናደደ። እንደገና ማስታወቂያ እናውጣ አለ። እኔ ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። 88.2 እና 85። ሌላ ገዢ ፍለጋ ቢያንስ ሁለት ወር። አዲሱም ገዢ በብድር ከሆነ ያው ባንክ፣ ወይ እንደዚያው ያለ ሌላ ገማች። እስካሁን 104 ሰዓት ሠርቻለሁ። ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ሳምንት 2። 88 ይላል፣ በራሴ እጅ።

ባለቤቴ ቁጥሩን አየና «ምነው ያኔ ባላኮረፍሽ» አለ።

በ88.2 ተስማማን። በምትኩ ርክክቡ እኛ በመረጥነው ቀን እንዲሆንና የመጽሐፍ መደርደሪያችንን ነቅለን እንድንወስድ ጠየቅን። ልጆቹ ከደስታ ብዛት መደርደሪያው የቱ እንደሆነም አልጠየቁም።

ሳምንት 13

ፊርማ። እኔም ባለቤቴም መገኘት ነበረብን፤ ሰነዱ የሁለታችን ነው። ስሜ በአንድ «ጸ» ሆኗል። የዋስትናው ስረዛም መዝገብ ላይ ገብቷል።

የገዢዎቹ የራሳቸው ድርሻ በዝውውር ነው የሚመጣው። ጠዋት ላይ ስክሪንሾት ላኩልኝ፦ «ተልኳል»። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ አምናቸዋለሁ። ግን ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ባንኬ ራሱ «ገብቷል» እስኪለኝ ሦስት ሰዓት ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ተቀመጥኩ። አልተቀየሙም። ቢቀየሙም እጠብቅ ነበር።

ሳምንት 14

ርክክብ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን አብረን አንብበን ፎቶ አነሳን። ቁልፍ ቆጠርን፣ 17። አራቱ የምን እንደሆኑ ማንም አያውቅም። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ አሳየኋቸው፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞርም። የቤቱን ኢንሹራንስ ስሙ እስኪዛወር አላቋረጥንም።

ወጪ፦ ቧንቧ፣ ብሬከር፣ ቀለም፣ ጠበቃ እና አንድ ጫማ፣ በድምሩ 0.9። ለደላላ ይከፈል የነበረው 2.65 ያህል ነው። በእጃችን የቀረ 1.75። ሰዓት፦ 126።

ወጣቷ ኩሽናውን እያየች ለባሏ ቀስ ብላ አንድ ነገር ስትለው ሰማሁ። «መጀመሪያ ይሄ» የሚል መሰለኝ። እህቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። መኪና ውስጥ ገባሁ።

ከርክክብ በኋላ፣ 9ኛው ቀን

ሲሙን ልጥለው ስል ጮኸ። ወጣቷ ናት። ሦስተኛው ማብሪያ የሚያበራው ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለውን አምፖል ነው አለችኝ። ተቃጥሎ ነበር፣ ቀየሩት። አሁን ጓሮው በሙሉ ይታያል አለች።

ከታንከሩ ጀርባ ሄጄ አላውቅም።